«ግቡ እንጂ!»

ለብዙ ዘመን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ማለት እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። የማይገባው ደመወዙን በነጻ የሚበላ ነው። ይህን እምነቴን ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከሉቱሊ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሜ፣ በምችላት ጥቂት ስዋሂሊና በማላፍርበት አማርኛ እየቀላቀልኩ ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ። በዙሪያዬ ከቆመው ሕዝብ የደገፈኝ እንጂ የተቃወመኝ አልነበረም።

ከቶም ምቦያ ጎዳና ወደ ሪቨር ሮድ ቁልቁል ሲወረድ ያለው ሰፈር መርካቶን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ፣ ደላላው ሁሉም በአንድ መንገድ ያልፋል። ድሮ አንድ ሰፊ ሱቅ የነበረው ቤት ዛሬ በኮምፔርሳቶና በመስታወት ተከፋፍሎ ሃያ ሱቅ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን «ኤግዚቢሽን» ይለዋል። ኪራዩ ወደ መንገዱ በቀረበ ቁጥር ይንራል፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይረክሳል። ስለዚህ ሰው የሚያየው ዕቃ ከላይ ይሰቀላል፣ የቀረው ሁሉ ቤዝመንት ይወርዳል። እኔም ከአንድ የአገሬ ሰው ጋር፣ ጋሼ ከምላቸውና ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ኬንያ ከገቡ ነጋዴ ጋር፣ ቤዝመንት ውስጥ መጋዘን ተከራይቼ የሕፃናት ልብስና ጫማ አከማች ነበር። ልብሱ ናይለን፣ ጫማው ስፖንጅና ፕላስቲክ፣ ማሸጊያው ካርቶን። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲነድ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚወጣው ያን ጊዜ አስቤው አላውቅም።

የነደደው የእኛ ሳይሆን የጎረቤታችን ሕንፃ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ከቤዝመንቱ ደረጃ ወፍራም ቡናማ ጭስ መውጣት ጀመረ። ሰው እየሳለ ወጣ። አንዱ ነጋዴ ጭሱ እንዲቀል ብሎ የደረጃውን የብረት በር በድንጋይ አስደግፎ ከፈተው። የእሳት አደጋ መኪናው በማታቱዎቹ መካከል እየተጋፋ ሲደርስ ሕዝቡ በፉጨትና በስድብ ተቀበለው። ልብሳቸውን የለበሱ፣ አየር በጀርባቸው ያዘሉ ሁለት ወጣቶች የውሃ ጎማ ይዘው ደረጃው አፍ ላይ ደረሱና ተንበረከኩ። ገቡ ስንል አልገቡም። አለቃቸው መጣና ነጋዴው የከፈተውን በር ዘጋው!

ያኔ ነው የጮህኩት። «ግቡ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አጠገቤ የነበረው ጋሪ ገፊ ሸሚዙን አፉ ላይ አስሮ ሊገባ ሲል ይዘው መለሱት፤ እሱን አሞገስነው፣ እነሱን ሰደብናቸው። አለቃው ወደ እኛ ዞር እንኳ ሳይል ሕንፃውን በግራ በኩል ዞሮ ወደ ኋላው መተላለፊያ ሄደ። ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ማንም የማያየው ጠባብ መንገድ ነው። እዚያ ከመሬት እምብዛም ከፍ ያላለ የአየር መግቢያ አለ፤ ፍርግርግ ብረት ተበይዶበት፣ በዚያ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት። ብረቱን እስኪቆርጡ ድረስ የፈጀው ጊዜ ለእኛ ለተመልካቾቹ እንደ ዘለዓለም ነበር። ከዚያ የጎማውን አፍ በቀዳዳው አስገብተው ውሃውን ወደ ጣሪያው ለቀቁት። በደቂቃዎች ውስጥ የጭሱ ቀለም ተለወጠ፤ ጠቁሮ ይወጣ የነበረው ነጣ። ደረጃው ላይ የነበሩት ልጆች በሩን ከፍተው ዝቅ ብለው የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ሰው አልሞተም። ዕቃው አብዛኛው ጠፋ፤ ከእሳቱ ያመለጠውን ውሃው አበላሸው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ የማወራው ስለ ፍርሃታቸው ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የሰፈሩ ተከራዮች ተሰብስበን አንድ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንዲያስተምሩን ጠራን። እንደ አገሩ ወግ «ሙዜ»፣ አዛውንት እንደማለት፣ ብለን ነው የምንጠራቸው። ጋሼ ነገር አይደብቁም፤ ገና ሻይ ሳይቀርብ «ይኼ ልጅ ነው ያን ቀን ግቡ እያለ ሲጮህ የነበረው» ብለው ጠቆሙኝ። ሙዜው አልተቆጡም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ውስጥ ሰው ነበር?»

«አልነበረም፤ ሁሉም ወጥቷል።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ዕቃ» አልኩ።

«እንግዲያው ልጆቼን ግቡ ያልካቸው ለካርቶን ነው» አሉ፤ ከዚያም ወደ ትምህርታቸው ገቡ። የቀረውን ሰዓት ከሌሎቹ ኋላ ተቀምጬ ነው ያዳመጥኩት።

ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ሲነሳ የሚወጣው ሠራተኛ ከበታች ነው የሚመጣው፤ ሙቀቱና ጭሱ ከእሱ በላይ ይሄዳሉ። ቤዝመንት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭሱ መውጫው ያው ደረጃ ነው፣ ሰውየውም የሚወርደው በዚያው ደረጃ ነው። እኔ ስሰማቸው በልቤ የታየኝ የገጠር ማዕድ ቤት ነው። እናቶቻችን መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያበስላሉ፣ ጭሱ ከላያቸው በጣሪያው በኩል ይወጣል። ደረጃውን ይዞ ወደሚነድ ቤዝመንት የሚወርድ ሰው በዚያ በጭሱ መውጫ በኩል ወደ ማዕድ ቤቱ ልግባ የሚል ነው። ልዩነቱ የዚህ ጭስ ሙቀት በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ መሆኑ ነው።

በሩ የተዘጋበት ምክንያትም ይኸው ነው። ቤዝመንት መስኮት ስለሌለው እሳቱ ያገኘውን አየር ቶሎ ይጨርስና ይዳከማል። ይሁን እንጂ አልሞተም፤ ክፍሉን የሞላው ጥቁር ጭስ ራሱ ገና ያልነደደ ነዳጅ ነው። በሩ ሲከፈት የጎደለው አየር ይገባለትና ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ይያያዛል። ያ ነጋዴ በድንጋይ ያስደገፈው በር እሳቱን ሲመግብ ነበር። ማንም አልከለከለውም፤ እንዲያውም በጎ ሥራ ነው ብለን ነበር።

ሙዜው ስለ ውሃ የነገሩን ደግሞ ይበልጥ አስገረመኝ። 1 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ እንፋሎት የሚመለሰው ጎማውን ወደያዘው ሰው ነው፤ ወፍራም ልብስም ቢለብስ ይቀቅለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ በኩል ቀዳዳ ይፈለጋል፣ ከተቻለ ውሃው በዚያ በኩል ይገባል፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰው ይገባል። የሚገቡት ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው። ጎማውን ከእጃቸው አይለቁም፤ ምንም በማይታይበት ጨለማ የመመለሻ መንገዳቸው እሱ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ከመሬት በታች ይደክማል። አየሩም የሚቆጠረው ለመውረጃ ብቻ ሳይሆን ደረጃውን መልሶ ለመውጫም ነው፤ ሽቅብ የሚወጣ የደከመ ሰው ደግሞ አብዝቶ ይተነፍሳል።

አንዱ ተከራይ እጁን አውጥቶ «ሕንፃዎቻችን እኮ የኮንክሪት ናቸው፣ ወለሉ አይደረመስም» አለ። እኔም የማስበው እንደዚያ ነበር። ሙዜው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በ23ኛው መንገድ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1966 የሆነውን ነገሩን። እሳቱ የተነሳው በ22ኛው መንገድ በኩል ባለ ሕንፃ ቤዝመንት ነው፤ ቀለምና ላከር የተከማቸበት ነበር። ያ ቤዝመንት ግድግዳው ያለ ፈቃድ ተገፍቶ፣ በ23ኛው መንገድ በኩል ባለ የመድኃኒት መደብር ሥር ድረስ ገብቷል። ሠራተኞቹ በመድኃኒት መደብሩ በኩል ሲገቡ ብዙ ጭስም ሙቀትም አላገኙም። ከእግራቸው ሥር ያለው ወፍራም ኮንክሪትና ቴራዞ ሙቀቱን ደብቆ ያዘው፤ ከእሱ ሥር ያለው የእንጨት ተሸካሚ ግን ሲነድ ቆይቷል። ወለሉ ተናደ። 12 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ድረስ የኒው ዮርክ እሳት አደጋ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው አጥቶ አያውቅም።

ይህን ስሰማ የታሰበኝ ግድግዳው ነው። ቤዝመንት ውስጥ ግድግዳ መግፋትና ክፍል መሸንሸን የእኛ የየዕለት ሥራ ነው። አንዱ ተከራይ ሲወጣ ሌላው በአንድ ሌሊት ኮምፔርሳቶ አቁሞ ሁለት ያደርገዋል። የሕንፃው ፕላን አንድ ነገር ይላል፣ እኛ ሌላ ነገር ሠርተናል። ፕላኑን ይዞ የሚገባ ሠራተኛ የሚያገኘው ፕላኑ ላይ የሌለ ግድግዳ ነው።

በኋላ ላይ በራሴ ሳነብ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዩኤል የሚባለው የምርመራ ተቋም የቤዝመንት እሳትን ሆን ብሎ እየለኮሰ ሙከራ ማድረጉን አየሁ፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ብዙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለረጅም ዘመን «በውጭ በኩል ውሃ ከተረጨ እሳቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰዎቹ ይገፋል» ብለው ያምኑ ነበር። ሙከራው ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። በቤዝመንቱ መስኮት ወይም በውጭ በር በኩል የገባ ውሃ ክፍሉን አቀዘቀዘው፣ እሳቱን ወደ ላይ አልገፋውም፤ ከደረጃው አናት ወደ ታች የተረጨው ውሃ ግን እሳቱ ድረስ የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነበር። ወለሉን በመሣሪያ እየመቱ «ይይዛል» ማለትም የሚታመን ምልክት ሆኖ አልተገኘም። ያ ወደ ኋላው መተላለፊያ የሄደው አለቃ ይህን አንብቦ ይሁን በልምድ አልጠየቅሁትም። የሠራው ግን ልክ ይኸንኑ ነው፤ ያውም እኔ ፈሪ እያልኩት።

ናይሮቢ ውስጥ ስለ እሳትና ስለ ቁልፍ ሲወራ ሁሉም ሰው ወደ አንድ ቀን ይመለሳል። ጥር 20 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 2009፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መሃል ከተማው ላይ የነበረው ናኩማት ዳውንታውን ሱፐርማርኬት ነደደ። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። የቤዝመንት እሳት አልነበረም፤ ባለ ፎቅ መደብር ነው። ተርፈው የወጡ ሰዎች ዝርፊያን በመፍራት በሮች ተዘግተው ነበር ብለው ተናገሩ፣ ጉዳዩም ብዙ አከራከረ። የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሞሎ አጠገብ ሳቻንግዋን ላይ የተገለበጠ የቤንዚን ቦቴ ተቀጣጥሎ ከ100 በላይ ሰው ፈጀ፤ የአገሩ ሰው ሁለቱን ሐዘን አያይዞ ነው የሚያነሳው። ጋሼ ያን ሳምንት በደንብ ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ ሱፐርማርኬት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን ሁለተኛውን በር ነው። ይህን ልማዳቸውን ለዓመታት ሳሾፍበት ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሕንፃ መጣን፤ ለእኔ የከበደኝ ይኼኛው ክፍል ነው። የእኛም ቤዝመንት ወደ ኋላ የሚወጣ የብረት በር አለው። ሙዜው «ይከፈታል?» ሲሉ ዝም አልኩ። ጓጉንቸሩ የእኔ ነበር። ሁለት ካርቶን ጫማ በዚያ በር ከተሰረቀብን በኋላ ገዝቼ ያንጠለጠልኩት ነኝ፤ ቁልፉም ቤቴ ነው የሚያድረው። ጠዋት የምመጣው ከዘበኛው ዘግይቼ ነው፤ እሑድ ጭራሽ አልመጣም። ታች ደግሞ አንድ የልብስ ሰፊ ቤተሰብ አለ፤ ሥራ ሲበዛባቸው እዚያው ያመሻሉ። ከደረጃው በቀር መውጫ አልነበራቸውም፣ የደረጃው ሥር ደግሞ በሌላ ነጋዴ ካርቶን ተሞልቷል።

ራሴን ለመከላከል አንድ ነገር ልበል። ሌባ በየወሩ ይመጣል፣ እሳት ምናልባት በዕድሜ አንዴ ነው። ነጋዴ የሚቆልፈው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የኬንያ ሕግ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የእሳት ስጋት ቅነሳ ደንብ በሥራ ቦታ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የመውጫ ልምምድ እንዲደረግ ያዛል። እኛ ግን ሙዜው እስኪመጡ ድረስ ልምምድ የሚባል አድርገን አናውቅም፤ የት ቆመን እንደምንቆጠር እንኳ ስምምነት አልነበረንም። ያን ቀን ጎረቤት ሕንፃ ውስጥ «ሁሉም ወጥቷል» ያልነው እኮ በግምት ነው። እውነት ሆኖ ተገኘ እንጂ ማን ቆጠረ?

ሙዜው ቤዝመንቱን ዞረው ሲያዩ በጣም ያስደነገጣቸው ዕቃው አልነበረም። ልብስ ሰፊዎቹ ምሳ የሚያበስሉባት፣ ናይሮቢ «ሜኮ» የሚሏት ባለ 6 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ናት። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ከላይ ቢያፈተልክ ይበተናል፣ ከመሬት በታች ግን እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛና ብልጭታ ይጠብቃል። ጀነሬተሩም እዚያው ታች ነበር። እሳት ባይነሳ እንኳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን ራስ ምታት ነው ብሎ ሲያንቀላፋ ይወስደዋል። «እሳት ከተነሳ በኋላ እኛን አትጠብቁ» አሉ ሙዜው፣ «እኛ ስንደርስ ወይ ወጥታችኋል ወይ…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ዘወር ብለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ሳጥን አዩ፤ አራት ገመድ በአንድ ሶኬት ላይ። የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ዓይኔ እዚያም ወደ ታች መመልከት ጀምሯል። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሠራ ቤዝመንት መጋዘን ሆኖ አይቻለሁ፤ መውረጃው ላይ ሶፋና ፍራሽ ተደርድሮ፣ መኪኖቹ አስፋልት ላይ ቆመው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድም የመንገዱ ጥበትና የሕዝቡ ብዛት ለሥራው እንቅፋት መሆኑ ተነግሯል። ያን ሌሊት በስልክ ምስሉን ሳይ ከእሳቱ ይልቅ ያየሁት ሕዝቡን ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ግቡ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መጥሪያ ቁጥር 939 ነው፤ ደውሎ ቤዝመንት መሆኑን፣ ታች ምን እንደተከማቸ፣ በየት በኩል ሌላ ቀዳዳ እንዳለ የሚናገር አንድ ሰው ለሠራተኞቹ ከመቶ ጯሂ ይሻላቸዋል።

ናይሮቢ ያንጠለጠልኩትን ጓጉንቸር አውልቄዋለሁ። በምትኩ ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት በር እንዲገጠም ሐሳብ አቀረብን፤ ሌባውንም እሳቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስታርቅ ሌላ መንገድ አላገኘንም። ፉንዲው፣ ማለትም በሩን የሚገጥመው ባለሙያ፣ የነገረን ዋጋ ከጠበቅነው በላይ ነው። የሕንፃው ባለቤት ግማሹን እከፍላለሁ አለ፤ ግማሹን ከኪራይ ላይ እንደሚጨምርብን ግን አልደበቀንም። ልብስ ሰፊዎቹ ሜኮዋን ወደ ላይ አውጥተዋል፤ ምሳ ለመብላት ደረጃ መውጣቱ ስለሰለቻቸው ያጉረመርማሉ። ጀነሬተሩ ገና አልተነሳም፤ የሚቀመጥበት ቦታ የአንድ ባለ ማታቱ መኪና ማቆሚያ ስለሆነ ድርድሩ ቀጥሏል። ደረጃው ሥር ካርቶን የሚከምረው ጫማ ነጋዴ ደግሞ «እስካሁን ምን ሆነ?» ይላል። ልክ እኔ ድሮ እል የነበረውን ነው የሚለው፣ ስለዚህ እኔ ብናገረው አይሰማኝም። ማክሰኞ ሙዜው ይመጣሉ፤ ጋሼ እሳቸውን ይዘው ያነጋግሩታል።